«ሾርትሊ» ስንት ሰዓት ነው?

እናቴ ጥያቄ አታበዛም። ያላት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ሰዓት?» ትላለች። ደሴ እያለች ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። የሕሙማን ምሳ በስድስት ሰዓት ይወጣል ከተባለ በስድስት ሰዓት ይወጣል፤ ያዘገየ ሠራተኛ ደግሞ ያን ቀን የሚሰማውን ይሰማል። ጡረታ ወጥታ እኔ ዘንድ ከመጣች በኋላም ጠባይዋ አልተለወጠም። የግድግዳ ሰዓቷ በእኛው አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ አሜሪካኖቹ ስምንት ሲሉ የእሷ ሁለት ይላል። ይህን መመለስ ለእኔ ሥራ አይደለም፤ ስድስት መደመርና መቀነስ ማንም ይችላል። እኔን የሚያበግነኝ እንግሊዝኛው ራሱ ነው።

ልጅ ሆኜ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ መምህር «ይህ ቋንቋ የሥርዓትና የትክክለኛነት ቋንቋ ነው» ይሉን ነበር። ዛሬ ባገኛቸው ቀኑን ሙሉ እከራከራቸዋለሁ። ሀገሩ ገብቼ ስኖርበት እንዳየሁት ከሆነ ግማሹ እንግሊዝኛ የተሠራው ላለመጨበጥ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የሥራ ባልደረቦቼን ሰብስቤ «ኤ ፊው ዴይስ» ስንት ቀን ነው አልኳቸው። አንዷ ሦስት አለች። አንዱ አራት ወይም አምስት አለ። ሦስተኛዋ ሳንድዊቿን አስቀምጣ፣ አስባ አስባ፣ «እንደ ሁኔታው ነው» አለችኝ። «ኤ ካፕል»ስ? ሁለት ነው አሉ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ቢያንስ አንድ የሚያዝ ነገር ተገኘ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ያቺው ባለ ሳንድዊች «ግን ሁልጊዜ ሁለት ላይሆን ይችላል» ብላ አፈረሰችው። «ሲቨራል»ን አልጠየቅኋቸውም፤ ጨጓራዬን እፈልገዋለሁ።

የእኛም ሰው ቢሆን መቼም በሰዓት አይታማም። «ደረስኩ» ያለህ ሰው ገና ካልሲውን እየፈለገ እንደሆነ፣ «መንገድ ላይ ነኝ» ያለህ ደግሞ ሻወር ውስጥ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እናውቃለን ነው ቁም ነገሩ። «ደረስኩ» ሲባል ሌላ ግማሽ ሰዓት ተኝተን እንነሣለን፤ ማንም አይጎዳም። የእነሱ ግን በትሕትና ተጠቅልሎ፣ በፈገግታ ታሽጎ ስለሚመጣ እውነት ይመስላል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የምሠራው ዳላስ ውስጥ አንድ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። «ዶክተሯ ሾርትሊ ታይዎታለች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቀን ስንቴ እንደምለው እግዜር ይወቀው። ሾርትሊ ማለት «ከአፍታ በኋላ» ማለት ነው ይላል መዝገበ ቃላቱ። እኔ ደግሞ ከጀርባዬ ያሉትን ክፍሎች ስለማያቸው ዶክተሯ ገና አራት ሰው እንደሚቀራት አውቃለሁ። ያም ሆኖ «ሾርትሊ» ብዬ ፈገግ እላለሁ፤ የምከፈለው ለዚህ ነው። የእኛ ሰው ሲመጣ ግን ጎንበስ ብዬ በአማርኛ «አባባ፣ ገና አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ውጭ ትንሽ ተናፍሰው ይምጡ» እላለሁ። ለባዳ እውነቱን መናገር አያቅተኝም። የሚያቅተኝ ለእናቴ ነው። «አላውቅም» ካልኳት ሦስቴ ትጠይቀኛለች፤ ሦስቴ ስትጠይቀኝ ደግሞ እናደዳለሁ፤ ስናደድ አንድ ቁጥር እወረውርላትና እገላገላለሁ።

ፍልሰታ በገባ ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የእናቴ ኤሲ ቆመ። የምትኖረው ካሮልተን ውስጥ ብቻዋን ነው። እኔና ባለቤቴ ፎርት ዎርዝ ቤት ስንገዛ አብረሽን ኑሪ ብለን ለምነናት ነበር፤ «የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ያሉት እዚህ ነው» ብላ አሻፈረኝ አለች። ነሐሴ በቴክሳስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ መኪና ውስጥ የረሳሁት ሊፕስቲክ ሾርባ ሆኖ የሚጠብቀኝ ወር ነው ብል ይበቃል። እሷ ደግሞ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም።

ከሥራ ሆኜ የአፓርትመንቷን ቢሮ ኮል አደረግሁ። የኪራይ ውሉ በእሷ ስም ስለሆነ እኔን ብቻዬን አያናግሩኝም፤ መጀመሪያ እናቴ መስመር ላይ ገብታ «የስ፣ ማይ ዶተር፣ ኦኬ» ማለት አለባት። ከዚያ በኋላ ሦስት እንሆናለን፤ የቢሮዋ ሴትዮ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በሁለቱም፣ እናቴ በዝምታ።

ሴትዮዋ በጣም አዘነች። ስታዝን ድምፅዋ ማር ነው። «ሰው ሾርትሊ ይደርሳል» አለች።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ይመጣሉ እማዬ።»

«ስንት ሰዓት?»

ሴትዮዋን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኋት። ከሰዓት በኋላ የሆነ ጊዜ ነው አለች። በግምት ስንት ይሆናል ብላት «ሆፕፉሊ ሶነር ራዘር ዛን ሌተር» አለችኝ። ይህን እስቲ ማን ይተርጉመው? «ከሚዘገይ ይልቅ እንደሚፈጥን ተስፋ እናደርጋለን» ልበላት? እናቴ ልጄ ታመመች ብላ ጸበል ትወስደኛለች። ፊት ለፊቴ አምስት ሕመምተኞች ተሰልፈዋል፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል አጣብቄያለሁ፣ አለቃዬ በመስታወቱ እያየችኝ ነው።

«ስንት ሰዓት፣ ልጄ?»

«ስምንት ሰዓት» አልኳት።

ማታ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ከውጭው ይልቅ የውስጡ ሙቀት ፊቴን መታኝ። ጠረጴዛው ላይ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን በየሳህኑ ተከድኖ ተቀምጧል። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ የታጠፈ የወረቀት ፎጣ። ኤሲውን ሊጠግን የሚመጣ ሰው ግን አልመጣም።

«በዚህ ሙቀት ምድጃ ለኩሰሽ ትሠሪያለሽ?»

«ስምንት ሰዓት አልሽኝ እኮ። በስምንት ሰዓት የሚመጣ ሰው ምሳውን አልበላም ማለት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የዕቃ ማጠቢያዋ ቧንቧ ተበላሽቶ አንድ ሜክሲኮአዊ ጠጋኝ መጥቶ ነበር። እናቴ ምስር ወጥ አቀረበችለት። ሰውዬው ሁለቴ አስጨምሮ በላና ደረቱን ይዞ አመሰገናት። ከዚያን ቀን ወዲህ በእናቴ አእምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ጠጋኝ ሁሉ ከእሷ ምሳ ይጠብቃል። ቤቷ ገብቶ የሠራ ሰው በባዶ ሆዱ ከወጣ ነውሩ የእሷ ነው። ሠላሳ ዓመት በሰዓት ምግብ ስታወጣ የኖረች ሴት ደግሞ ሰዓት ስትሰማ እጇ ወደ ድስት ይሄዳል። እኔ ቁጥር እሰጣታለሁ፣ እሷ ከዚያ ቁጥር ወደ ኋላ ቆጥራ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ነይ እኛ ጋ እደሪ» አልኳት። «በማስተር ቁልፍ ገብተው ይሠሩታል፤ አንቺ አታስፈልጊያቸውም።»

«ባለቤት የሌለበት ቤት ገብቶ ማን ውሃ ይሰጠዋል?»

ከሱቅ ማራገቢያ ፋን ገዝቼ ተክዬላት፣ እየተናገርኩ ወጣሁ።

ማክሰኞ ደግሞ «ፈርስት ቲንግ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ተባልን፤ ጠዋት ከሁሉም በፊት ማለት ነው። ጠዋት የማን ጠዋት? እኔ «ሁለት ሰዓት» ብዬ ተረጎምኩ። እናቴ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የጾም ፍርፍር ሠራች፣ ቅዳሴውንም ቀረች። ሰውዬው የመጣው በአሥር ሰዓት ነው። ኤሲውን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አየ፣ ፎቶ አነሣ፣ የቀረበለትን ምግብ «ኖ ታንክ ዩ» ብሎ ሄደ። እናቴ ከሙቀቱ ይልቅ በዚህ ተቀየመች። «እጁን ታጥቦ እንኳ አልቀመሰም» ስትለኝ አመሸች።

ከቢሮ ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ዕቃ ታዟል፤ «በኤ ካፕል ኦፍ ዴይስ» ይደርሳል። ካፕል ሁለት ነው ብለው የሥራ ባልደረቦቼ ምለውልኛልና ማክሰኞ ላይ ሁለት ስደምር ሐሙስ ሆነ። «ሐሙስ» አልኳት ለእናቴ። ደግነቱ ለሁለት ሌሊት እኛ ጋ ለማደር እሺ አለች። ፎርት ዎርዝ ሆና ቅዳሴ ስለራቃት ግን ረቡዕን ሙሉ እንደ ታሰረ ሰው በመስኮት ስታይ ዋለች።

ረቡዕ ማታ ሦስታችን እንደገና በስልክ ተገናኘን። ዕቃው በእርግጥ መጥቶ ነበር። የሚገጥመው ሰው ከውጭ ድርጅት የተቀጠረ ስለሆነ ቁልፍ አይሰጠውም፤ ቤት ውስጥ የሚከፍትለት ሰው መኖር አለበት ተባለ። ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?

«ሌት ሞርኒንግ-ኢሽ» አለች ሴትዮዋ። «ሜይቢ ኧርሊ አፍተርኑን።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ይፈቀድልኝ። «ኢሽ» የምትባል ይህች ጭራ የማትቀጠልበት ነገር የለም። ሰዓት ላይ ቀጥላት፣ ሰዓቱ ይሟሟል። ቀለም ላይ ቀጥላት፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። «ረፋድ» ቢሉኝ እሺ፤ ረፋድ የታወቀ ነው። «ረፋድ ረፋድ የሚል፣ ምናልባትም ቀትር የተጠጋ» ተብሎ ሰው ይቀጠራል? ሴትዮዋን መቼ እንደሆነ እንድታረጋግጥልኝ ለመንኳት። «የምንችለውን ሁሉ እናደርጋለን» አለች። ይህ ደግሞ በእንግሊዝኛ «አትጠይቂኝ» ማለት ነው።

«ስንት ሰዓት አለች?»

«አምስት ሰዓት።»

«በደንብ ጠይቀሻታል?»

«ጠይቄያታለሁ እማዬ። አምስት ሰዓት ነው አልኩሽ።»

ሐሙስ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ አፓርትመንቷ አደረስኳት። ፈቃድ እንዳልወስድ የዓመቱን ቀን ጨርሻለሁ። ጓደኞቿ ሁሉ ቅዳሴ ሄደዋል። ፍሪጁን በውሃ ሞላሁላትና «ዛሬ እንኳ ጠጪ፤ እግዚአብሔር ሙቀቱን ያውቃል» አልኳት።

«እግዚአብሔርማ ያውቃል» አለች። «እኔም ዘጠኝ ሰዓትን አውቃለሁ።»

አምስት ሰዓት አለፈ። አምስት ተኩል ላይ ቢሮውን ኮል አደረግሁ፣ እናቴም ገባች። ሰውዬው «ኤ ሊትል ቢሃይንድ» ነው፤ ትንሽ ዘግይቷል። ትንሽ ስንት ነው? ብዙም አይደለም። «ሰባት ሰዓት ይደርሳል» አልኳት እናቴን።

«ወጡ ቀዝቅዟል፤ ቆይቼ አሞቀዋለሁ» አለች።

«አታሙቂው! ምድጃውን አትንኪው፤ ሶፋው ላይ ፋኑ ሥር ተቀመጪ።»

«እሺ» አለች። እናቴ «እሺ» ያለችኝ ቶሎ ስልኩን እንድዘጋ ነው።

ሰባት ከሃያ ላይ እንደገና ደወልን። «ኢን ኤ ቢት» ተባለ፤ ትንሽ ቆይቶ ማለት ነው። ይህን «ስምንት ሰዓት» አልኩት። ከየት አመጣሁት? ከኪሴ። የእናቴ ድምፅ ቀጠን ብሎብኛል። ደህና ነሽ ወይ ስላት «ደህና ነኝ፤ ትንሽ አልቦኛል» አለች። ትንሽ አለች፤ እኔም ይህን ቃል ስንት እንደሆነ ሳልጠይቃት ዘጋሁ።

ስምንት ከአሥር ላይ ስደውልላት አላነሣችም። ቢሮውን ብቻዬን ደወልኩና እናቴ ስልክ እንዳላነሣች ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ይህን ጊዜ ብቻዬንም አናግራኝ «ሰውዬው ኤኒ ሚኒት ናው ይደርሳል» አለችኝ፤ በማንኛውም ደቂቃ። ሰውዬው ደርሶ እየሠራ ይሆናል፣ እናቴም ቆማ እያበላችው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስምንት ተኩል ላይ አላነሣችም። ጸሎት ላይ ትሆናለች አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይም አላነሣችም። ዘጠኝ ሰዓት ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት ነው፤ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ትደውልልኛለች። ተነሥቼ አለቃዬ ጋ ሄድኩ። «የሚያስፈልግሽን ያህል ጊዜ ውሰጂ» አለችኝ። ነገ ጠዋት ተመለሺ ማለቷ ነው።

መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ከዳላስ ካሮልተን ሃያ ደቂቃ ነው ይላል ስልኩ፤ እኔ አርባ አምስት ደቂቃ ቆጥሬያለሁ። እያንዳንዷን ቆጥሬያለሁ።

የእናቴ በር እጀታ ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል። «አላገኘንዎትም፣ ይቅርታ። ሱን ተመልሰን እንሞክራለን» ይላል፤ «ሱን» በቅርቡ መሆኑ ነው። ከሥሩ በእስክሪብቶ «1:40» ተጽፎበታል። በእናቴ ሰዓት ሰባት ከአርባ መሆኑ ነው። በዚያ ሳምንት ከእነዚያ ሰዎች ያገኘሁት ብቸኛው ትክክለኛ ሰዓት ይህ ነበር። «በማንኛውም ደቂቃ ይደርሳል» ሲሉኝ ሰውዬው አንኳኩቶ፣ ጽፎ፣ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል።

በመለዋወጫ ቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። እናቴ ከወጥ ቤቱ ወደ ሳሎን በሚያስገባው መተላለፊያ ላይ በጎኗ ወድቃለች። ምድጃው ላይ ሽሮው በትንሽ እሳት ተጥዶ ከሥር አርሯል፤ ቤቱ ጭስ ጭስ ይላል። ፊቷ ቀልቷል፣ ቆዳዋ ይፋጃል፣ ላብ ግን የለውም። ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ከደነችው። እሳቱን አጥፍቼ ወደ ድንገተኛ ጥሪው፣ ዘጠኝ አንድ አንድ ደወልኩ።

«ከወደቀች ስንት ሰዓት ሆኗታል?» አለ የስልኩ ሰው።

«አላውቅም። ኤ ዋይል» አልኩ። የሆነ ያህል ጊዜ ማለቴ ነበር።

«ማም፣ ስንት ሰዓት?»

ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሀገር አንድ ሰው ቁጥር ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ የለኝም። ሰባት ከሃያ ላይ አናግራኛለች። ሰባት ከአርባ ላይ ለሚያንኳኳው አልከፈተችም። ካርዱን እያየሁ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። «ከሁለት ሰዓት በላይ» አልኩት። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ያዘዘኝን ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከርኩ አንገቷና ብብቷ ላይ አደረግሁ። አምቡላንሱ በስምንት ደቂቃ ይደርሳል አለኝ፤ በስምንት ደቂቃ ደረሰ።

ሆስፒታል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በደም ሥሯ ፈሳሽ ሲሰጧት አደሩ። ዓርብ ረፋድ ላይ አእምሮዋ ተመለሰ። መጀመሪያ የጠየቀችው ጾሟ ተፈትቶ እንደሆነ ነው። ቄስ ይጠየቃል አልኳት። ቀጥላ የሰማችውን ነገረችኝ። «በሩ ሲንኳኳ እሰማ ነበር» አለች። «ልነሣ ብል እግሬ እምቢ አለኝ። መጣሁ፣ መጣሁ እለዋለሁ፤ እሱ ግን አይሰማኝም።»

ልቅሶዬ እንዳይታያት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ተናድጃለሁ፤ በቢሮዋ ሴትዮ፣ በኤሲው፣ በእናቴ ምስር ወጥ፣ በሁሉም ተናድጃለሁ። ከሁሉም በላይ ግን በራሴ አፍ።

ዶክተሩ ገባ። ለስላሳ ወጣት ነው። አስተርጓሚ በቪዲዮ ልንጠራላት እንችላለን ሲል እናቴ እጇን አወዛወዘች፤ «ልጄ አለች» አለች። ዶክተሩ ቀጠለ። ኩላሊቶቿ «ኤ ቢት» ተጎድተዋል፤ እያገገሙ ይመስላሉ። መቼ ትወጣለች? ምናልባት «ኤ ፊው ዴይስ»፣ ምናልባት ትንሽ ቆየት ሊል ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለሱ ደግሞ «ኩድ ቢ ኤ ዋይል»። ፈገግ ብሎ ወጣ።

«ምን አለ?»

«ኩላሊትሽ ተጎድቶ ነበር፤ አሁን እየተሻለው ነው።»

«መቼ እወጣለሁ? ስንት ቀን?»

አፌ ተከፈተ። «ሰኞ» የምትለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር፤ ልማድ ክፉ ነው። ዋጥኳት።

«አያውቅም፣ እማዬ።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ዶክተሩም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። «የኤሲው ሰዎችም አያውቁም ነበር። ስምንት ሰዓት ያልኩሽ፣ ሁለት ሰዓት ያልኩሽ፣ አምስት ሰዓት ያልኩሽ፣ ሁሉም የእኔ ነው። ሴትዮዋ አንዱንም አላለችም። ስትጠይቂኝ ጊዜ ከራሴ አውጥቼ ነው የነገርኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«መስመሩ ላይ ነበርኩ እኮ፣ ልጄ። እንግሊዝኛው ባይገባኝ ቁጥር መቁጠር አያቅተኝም። ኢለቨን አላለች፣ ቱ አላለች። ሳምንቱን ሙሉ ያቺ ሴትዮ አንድም ቁጥር አልጠራችም።»

«ታዲያ ለምን ጠበቅሻቸው? እንደማይመጡ እያወቅሽ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ለምን ተነሥተሽ ጓደኞችሽ ጋ አልሄድሽም?»

እናቴ መርፌው የተሰካበትን እጇን በቀስታ አንሥታ የአልጋ ልብሱን አስተካከለች።

«እነሱንማ ማን አመናቸው?» አለች። «እኔ ያመንኩት አንቺን ነው።»